በኦቭን የሚጋገረው «ሸክላ»፤ ማን ያተርፍበታል?

ከመዳፍ የማትበልጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለች፣ 57 ግራም ብቻ የምትመዝን ጡብ መሳይ ነገር ነች። በአሜሪካ የዕደ ጥበብ ዕቃ መሸጫዎች እንደ ፋብሪካዋና እንደ ቀለሟ ከ2 እስከ 4 ዶላር ገደማ ትሸጣለች። ገዢዋ ቤቱ ወስዶ በእጁ ያሻታል፣ እንደ ሊጥ ይዳምጣታል፣ ቀለም ከቀለም ያዋህድባታል፤ ከዚያም ኬክ በሚጋገርበት ኦቭን ለግማሽ ሰዓት ያህል ያቆያታል። ስትወጣ ጉትቻ፣ ዶቃ፣ የአሻንጉሊት ፊት ወይም ለጠረጴዛ ጌጥ የምትሆን ትንሽ ቅርጽ ሆናለች። የ3 ዶላሯ ጡብ ክፋይ በጉትቻነት 20 ዶላር ስታወጣ ያየ ነጋዴ ልቡ መከጀሉ አይቀርም። መከጀሉ አይከፋም። ችግሩ በዚህ ገበያ ጥሬ ዕቃው ርካሽ፣ በሩም ሰፊ መሆኑን ያየው እርሱ ብቻ አለመሆኑ ነው።

ዕቃው በዓለም ገበያ «ፖሊመር ክሌይ» ይባላል። «ክሌይ» የሸክላ ጭቃ ማለት ቢሆንም ዝምድናው ከጀበና ጭቃ ጋር ሳይሆን ከውኃ ቧንቧ ጋር ነው። መሠረቱ ፒቪሲ ሲሆን፣ ይኸውም በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ተቆልሎ የሚታየው ቧንቧ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ ደግሞ በክብደቱ 57 በመቶ ያህሉ ክሎሪን ነው፤ ክሎሪኑም የሚገኘው ከጨው ነው። የአሞሌ ነጋዴ ይህን ቢሰማ ሳይገረም አይቀርም። የፒቪሲው ደቃቅ ዱቄት ዘይት በመሰለ ማለስለሻ ኬሚካል ይለወሳል፣ ቀለም ይገባበታል፣ ካኦሊንን የመሰለ ነጭ ዱቄት ለመሙያ የሚጨመርበትም አለ፤ በዚህ ሁኔታ ሊጥ ሆኖ ይታሸጋል።

ሊጡ እንደ ጭቃ በአየር አይደርቅም። የሚጠነክረው በሙቀት ነው። ሙቀት ሲያገኘው የፒቪሲው ቅንጣቶች ማለስለሻውን ጠጥተው ያብጣሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይያያዛሉ፤ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል፣ ወደ ሊጥነቱም አይመለስም። የሚተን ውኃ ስለሌለው መጠኑ እምብዛም አይኮማተርም። ቀራፂዎችን የማረካቸው ይህ ጠባዩ ነው። የሸክላ ጭቃ በሽቦ ላይ ተለጥፎ እቶን ቢገባ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ፖሊመር ክሌይ ግን በሽቦና በፎይል ላይ ይለጠፋል፤ ሽቦው አጥንት፣ ፎይሉ ሥጋ፣ ክሌዩ ቆዳ ይሆናል ማለት ነው። ፎይሉ ሁለት ጥቅም አለው፤ ውድ የሆነውን ክሌይ ይቆጥባል፣ ሙቀቱም ውስጥ ድረስ እኩል እንዲደርስ ያደርጋል። ደግሞም ፊቱ ዛሬ ተሠርቶ ተጋግሮ፣ እጁ ነገ ተጨምሮ እንደገና ቢጋገር ሥራው አይበላሽም። በዚህ ምክንያት ለዓመታት በአሜሪካ የፊልምና የአሻንጉሊት ኢንዱስትሪ ውስጥ የናሙና ቅርጾች መሥሪያ ሆኖ ቆይቷል። ኋላ ላይ ኮምፒዩተርና ባለሦስት ገጽታ ማተሚያ መጥተው ከዚህ ሥራ ብዙውን ወስደውበታል።

ከአሻንጉሊት ቤት እስከ እርሳስ ፋብሪካ

የገበያው አመጣጥ ራሱን የቻለ የንግድ ትምህርት አለው። በጀርመን አገር ኬተ ክሩዘ የተባሉ ስመ ጥር አሻንጉሊት ሠሪ ነበሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተቃረበበት በ1930ዎቹ መጨረሻ ለአሻንጉሊት ራስ መሥሪያ ይሆን እንደሆነ ተብሎ አንድ የፕላስቲክ ሊጥ ቀረበላቸው። ለፋብሪካው ሥራ አልተስማማም። ሊጡ ግን በልጃቸው በሶፊ እጅ ገባ። ሶፊ በቤት ስሟ «ፊፊ» የምትባል ስትሆን፣ በሊጡ ስትሠራ ቆይታ ከጦርነቱ በኋላ «ፊፊ ሞዛይክ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበችው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቅመሙን ኤበርሃርድ ፋበር ለተባለው የእርሳስ ኩባንያ ሸጠች። «ፊሞ» የሚለው የንግድ ምልክት ከዚያ የተወለደ ነው። ኤበርሃርድ ፋበርን ደግሞ በ1978 ሽቴትለር ገዛው። በአገራችን ተማሪውም አርክቴክቱም በእርሳሱና በማስመሪያው የሚያውቀው የኑረንበርጉ ሽቴትለር ማለት ነው።

እርሳስ የሚሠራ ኩባንያ የአሻንጉሊት ሊጥ ምን ያደርግለታል የሚል ቢኖር መልሱ ከፋብሪካው ይልቅ መደርደሪያው ላይ ነው። እርሳስ ሻጩ በየከተማው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ቦታ አለው። አዲሱን ዕቃ ከእርሳሱ ጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ፊፊ ቅመሙ ነበራት፣ መደርደሪያው ግን አልነበራትም።

የአሜሪካኑ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው ፖሊፎርም ኩባንያ የሚያመርተው «ስካልፒ» መጀመሪያ የታሰበው ለኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ሙቀት ማስተላለፊያ እንዲሆን ነበር። ለዚያ አልሆነም። እንደሚተረከው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ልጅ ተጫውታበት፣ የሠራችው ቅርጽ ሲጋገር ጠንክሮ ወጣ። በ1960ዎቹ ለሽያጭ የቀረበውም ለብዙ ዓመታት በነጭ ቀለም ብቻ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ከሁለቱ ሌላ የቤልጂጉ «ሰርኒት» እና በ2002 ገበያ የገባው «ካቶ ፖሊክሌይ» ይጠቀሳሉ። ዋና ዋናዎቹ ስሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ይህን ልብ ማለት ይገባል። የሊጡን ፋብሪካ የያዙት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ሊጡን ወደ ጌጥ የሚለውጡት ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። ኦቭንና መዳመጫ ያለው ሁሉ ተወዳዳሪ ነው። ገበያ ሲሞቅ ጉትቻ ሠሪው በዛ፣ ዋጋ ወረደ ይባላል፤ ጡብ ሻጩ ግን ጉትቻው ቢሸጥም ባይሸጥም ጡቡን ሸጧል።

የጉትቻዋ ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ጥንድ ጉትቻ 8 ግራም ቢፈጅ ከአንድ ጡብ ሰባት ጥንድ ይወጣል። ጡቡ በ3 ዶላር ከተገዛ ለአንዱ ጥንድ የሚደርሰው 43 ሳንቲም ነው። ማንጠልጠያውና ካርቶኑ 50 ሳንቲም ይጨምሩ። የዕቃው ወጪ ከአንድ ዶላር አይበልጥም ማለት ነው። በ20 ዶላር ሲሸጥ ከሩቅ ለሚያየው ወርቅ ነው።

ሠሪው ግን ሱቅ የለውም። የእጅ ሥራ ሻጮች ዋነኛ የኢንተርኔት ገበያ ኤትሲ ነው። በ2005 በኒውዮርክ ብሩክሊን የተመሠረተው ይህ ድርጅት ሲጀምር ከእያንዳንዱ ሽያጭ 3.5 በመቶ ይቆርጥ ነበር። በ2018 ወደ 5 በመቶ፣ በ2022 ሚያዝያ ደግሞ ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አደረገው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጮች በዚያው ሰሞን ሱቃቸውን ዘግተው አድማ መትተው ነበር፤ ጭማሪው ግን ጸንቷል። ከዚህ ሌላ ዕቃውን ለማስመዝገብ 20 ሳንቲም፣ በአሜሪካ ደግሞ ለክፍያ ማስተላለፊያ 3 በመቶና 25 ሳንቲም አለ። በ20 ዶላሯ ጉትቻ ላይ ተደምሮ 2 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይሆናል። ገዢው የመጣው ኤትሲ በሌላ ቦታ ባወጣው ማስታወቂያ ከሆነ 12 ወይም 15 በመቶ ተጨማሪ ይቆረጣል።

ያም ሆኖ 15 ዶላር የሚበልጥ ይተርፋል። ሆኖም ይህ ትርፍ ሳይሆን የጉልበት ዋጋ ነው። ሊጡ መታሸት አለበት፤ ካልታሸ ይሰነጠቃል። ብዙዎቹ ለዚህ ሥራ የፓስታ ማሽን ይጠቀማሉ፤ በየቤቱ ፓስታ ለመዳመጥ የታሰበው የጣሊያኖቹ «አትላስ» በዚህ ሙያ ውስጥ ዋና መሣሪያ ሆኗል። (ክሌይ የገባበት ማሽን ግን ዳግም ምግብ አይነካም።) ከተጋገረ በኋላ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ከሻካራው ተጀምሮ ወደ ደቃቁ፣ በውኃ እየነከሩ። ከዚያ መወልወል፣ ማንጠልጠያ መግጠም፣ ፎቶ ማንሳት፣ ለደንበኛ መልስ መጻፍ፣ ማሸግ፣ ፖስታ ቤት መሄድ አለ። ለአንድ ጥንድ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ሰው በሰዓት የሚያገኘው 11 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሳህን የሚያጥብ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ይከፈለዋል።

እንግዲህ የሚያተርፈው ሰዓቱን ማሳጠር የቻለ ነው። ከዚህ ላይ ከቬኒስ ብርጭቆ ሠሪዎች የተወሰደ አንድ ብልሃት ይመጣል።

ጣሊያኖቹ «ሚሌፊዮሪ» ይሉታል፣ ሺህ አበባ ማለት ነው። በቬኒስ አጠገብ በሙራኖ ደሴት ባለሙያዎች ባለቀለም የብርጭቆ ዘንጎችን አቀናብረው፣ አግለው ይስቡና ይቆርጡታል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያው አበባ ይታያል። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህ ዶቃ በብዛት ወደ አፍሪካ ይጫን ስለነበር በምዕራብ አፍሪካ የዶቃ ገበያ ዛሬም የአሮጌው ዕቃ ነጋዴ አያጣውም። በፖሊመር ክሌይ ሥራው ያለ እሳት ይሠራል። የተለያየ ቀለም ያለው ሊጥ በረዥሙ ተደርድሮ ግንድ ይሆናል፤ የግንዱ ጫፍ አበባ፣ ዓሣ ወይም ፊት ያሳያል። ከዚያ ግንዱ እየተጨመቀና እየተሳበ ይቀጥናል፤ ሥዕሉም አብሮ ያንሳል እንጂ አይጠፋም።

ሒሳቡ ደስ ይላል። ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱም 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ወርዱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ርዝመቱ 25 እጥፍ ያድጋል፤ 125 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በምላጭ በ2.5 ሚሊ ሜትር ቢቆረጥ 500 ቁራጭ ይወጣዋል። ዳርና ዳሩ ስለሚዛባ ከፊሉ ይጣል ይሆናል። ቢሆንም ለአንድ ሥዕል አንድ ሙሉ ቀን የደከመ ሰው ድካሙን በመቶዎች ቁራጭ ላይ ያከፋፍለዋል። በአሜሪካ ፒየር ቮልኮስ የተባለችው አርቲስት፣ እንዲሁም በፊላደልፊያ «ሲቲ ዜን ኬን» በሚል ስም ይሠሩ የነበሩት ስቲቨን ፎርድና ዴቪድ ፎርላኖ በዚህ ብልሃት ስም አፍርተዋል። ናን ሮች በ1991 «ዘ ኒው ክሌይ» የተሰኘ መጽሐፏን ስታሳትም ደግሞ ለጥቂቶች የሚታወቀው ሙያ ለብዙኃኑ ተዳረሰ። በ2011 በዊስኮንሲን የሚገኘው የራሲን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለፖሊመር ሥራዎች ሰፊ ዐውደ ርዕይ እስከ ማዘጋጀት ደርሷል። በመቶዎች ዶላር የሚሸጠው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለሊጡ ሳይሆን ለእጁና ለስሙ ነው።

ሌላም የሚያተርፍ ዘዴ አለ፤ ማስመሰል። ክሌዩ በትክክለኛ እጅ ዝሆን ጥርስ፣ አምበር፣ ዛጎልና ፌሮዝ ይመስላል። ቶሪ ሂዩዝ የተባለችው አርቲስት ይህን በግልጽ አስተምራለች፤ በግልጽ እስከ ተሸጠም ነውር የለበትም። አሮጌ ዶቃ የሚገዛ ደላላ ግን ቢጠነቀቅ ይበጀዋል። ድንጋይ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ግን ለብ ይላል። የጋለ መርፌ ጫፍ ሲነካው የሚወጣው ሽታም ራሱን ይናገራል።

ዶቃውን ዪዉ ወሰደችው

በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን በ2020ና በ2021 ቤት የዋለው ሕዝብ እጁን ማፍታቻ ፈለገ። የፖሊመር ክሌይ ጉትቻ በየማኅበራዊ ድረ ገጹ ተራባ። በዚያው ሰሞን ሌላ ዕቃ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ እንደ ሳንቲም የጠፈጠፈ ባለቀለም ዶቃ። ሠሪው ማሽን ነው። ነጋዴዎቻችን አሳምረው በሚያውቋት በቻይና ዪዉ ከተማ ገበያ በክር በክር ተሰክቶ በጅምላ ይሸጣል። በችርቻሮ እንኳ ስድስት ሺህ ያህል ዶቃ የያዘ፣ በቀለም በቀለም የተከፋፈለ ሣጥን ከ10 እስከ 20 ዶላር ይገኛል። አንዱ ዶቃ ሳንቲም አይሞላም፤ የሳንቲም ሲሶ ቢሆን ነው።

በእጅ ተራ ዶቃ ለሚሠራ ሰው ይህ የገበያው መዘጋት ነበር። ክብ፣ ባለአንድ ቀለም፣ ተመሳሳይ የሆነ ሁሉ በማሽን ይሠራል፤ በእጅ እየሠሩ ከማሽን ጋር በዋጋ መወዳደር ሞኝነት ነው። ለዶቃ ነጋዴው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር፤ አንድ ካርቶን ዶቃ አስመጥቶ ለልጆች የእጅ አምባር መሥሪያ በትናንሽ ከረጢት ከፋፍሎ መሸጥ ሙያ አይጠይቅም። ሙያ የማይጠይቅ ንግድ ግን ጎረቤትም ወዲያው ይገባበታል። ኤትሲ ራሱ ከ2013 ጀምሮ ሻጮች በፋብሪካ እንዲያሠሩ ከፈቀደ ወዲህ «የእጅ ሥራ» የሚለው ቃል ድንበሩ ላልቷል የሚለው ቅሬታ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሲሰማ ኖሯል። ቅሬታው መሠረት አለው። ገዢው በፎቶ ብቻ እያየ የእጁን ከማሽኑ መለየት አይችልም።

በ0.1 በመቶ የተለወጠው ገበያ

በዚህ ንግድ ውስጥ ትልቁ ድንጋጤ የመጣው ከተወዳዳሪ ሳይሆን ከሕግ ነው። ሊጡን ከሚያለሰልሱት ኬሚካሎች መካከል «ፍታሌት» በሚባል የወል ስም የሚታወቁት ይገኙ ነበር። በ2002 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት አንድ የሕዝብ ጥቅም ተሟጋች ቡድን በፖሊመር ክሌይ ውስጥ ፍታሌት መኖሩን፣ በእጅ በማሸትና በመጋገር ጊዜም ወደ ሰው አካል ሊገባ እንደሚችል የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ። አምራቾቹ ምርታችን ተመርምሮ ደኅንነቱ ተረጋግጧል ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ በዚያ አላበቃም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ባወጣውና ከጥር 2007 ጀምሮ በሠራው ደንብ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፍታሌቶች ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ወሰነ። አሜሪካም በነሐሴ 2008 ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀች፤ የሚጸናበትም ቀን የካቲት 10 ቀን 2009 ነበር። ነጋዴውን እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ በመጋዘን ያለው አሮጌ ዕቃ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽኑ ከቀኑ በፊት የተመረተ መጫወቻ ሊሸጥ ይችላል ብሎ ነበር። ይሁንና ቀኑ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው በኒውዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን አተረጓጎም ውድቅ አድርጎ፣ እገዳው መቼም ይመረት መቼ ለሁሉም ዕቃ ነው ሲል ፈረደ። መደርደሪያ ላይ የነበረ የመጫወቻ ክምችት ባንድ ጀምበር ከሸቀጥነት ወደ ዕዳነት ተለወጠ።

ታዋቂዎቹ የክሌይ አምራቾች ቅመማቸውን ለውጠው ቀጥለዋል። ለውጡ ሲመጣ የአርቲስቶቹ ጩኸት ሌላ ነበር፤ ሊጡ ለሰለሰ፣ ሥዕሉን አይይዝም፣ እንደ ድሮው አይሆንም የሚል። ዋጋው ሳይሆን የእጅ ልምዳቸው ነው የተነካው። ከዚህ ወዲህ የታወቁት ምልክቶች ምን ዓይነት ሕግ እንደሚያሟሉ በማሸጊያቸው ላይ ያትማሉ። ስም የሌለው ርካሽ ሊጥ ግን ዛሬም በየገበያው አለ፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ያመረተው ብቻ ነው። ለልጆች ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ የላብራቶሪ ወረቀቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ወረቀት የለኝም የሚል አቅራቢ የሚሰጠው ቅናሽ የቱንም ያህል ቢሆን ርካሽ አይደለም። የተጋገረውም ቢሆን ለጌጥ እንጂ ምግብና መጠጥ ለሚነካ ዕቃ አይሆንም፤ በክሌይ የተሠራች ጀበና ለመደርደሪያ ነች፣ ቡና አይፈላባትም።

ጅቡቲ ላይ እንዳይጋገር

ወደ አዲስ አበባ አስመጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ቢኖር ከዋጋው በፊት ዲግሪውን ማጥናት አለበት። ፊሞ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለግማሽ ሰዓት ይጋገራል። ስካልፒ በ130 ዲግሪ፣ ለየ6 ሚሊ ሜትሩ ውፍረት 15 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ከሆነ ሥራው ደህና መስሎ ይወጣና ሲወድቅ ይሰበራል። በብዙ ከበለጠ ደግሞ ይጠቁራል፤ ከነደደም ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝ ያወጣል፤ መስኮት መክፈት ግድ ነው። በእንጀራ ምጣድ ልሞክር ለሚል ሰው ምጣዱ ሲሰፋበት 200 ዲግሪ አካባቢ እንደሚደርስ ማወቅ ይበቃዋል። የቤት ኦቭን መደወያም ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ በጥቂት ዶላር የሚገዛ የኦቭን ቴርሞሜትር ብዙ ሥራ ያድናል። መብራት ቢጠፋ ግን አያሳስብም። ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉውን ሰዓት መጋገር ይቻላል።

ዋናው ነገር ሊጡ ኦቭን ሳይገባም መጋገር መጀመሩ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ይፈረፈራል። የጅቡቲ የበጋ ሙቀት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ የብረት ኮንቴይነር ውስጡ ከዚያም ይብሳል። ወደቡ ላይ ለሳምንታት ከቆየ፣ ቀጥሎም በአፋር ቆላ መንገድ ከተጓዘ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ ላይ የሚረከበው ሊጥ ሳይሆን ጠጠር ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ያምራል፣ ቀለሙ አልተለወጠም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው በአውራ ጣት ሲጫኑት ብቻ ነው። የማይሰረጉድ ጡብ አይገዛም። በጥቂቱ የደረቀውን ጠብታ ማለስለሻ ጨምሮ ማሸት ይመልሰዋል፤ በሙቀት የበሰለውን ግን የሚመልስ የለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ በወደቡ ቀዝቃዛ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ማስጫን ነው። ሁለተኛው አውሮፕላን ነው። በ57 ግራም ሒሳብ አንድ ኪሎ 17 ጡብ ተኩል ይሆናል፤ ጡቡ በአሜሪካ ችርቻሮ 3 ዶላር ቢሸጥ ከ50 ዶላር ያላነሰ ዕቃ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀላልና ውድ ዕቃ የአየር ጭነትን ይችላል፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ሙከራ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ ግን ትእዛዝ በተሰጠበት ቀንና ክፍያ በተፈጸመበት ቀን መካከል ያለውን ልዩነት ዋጋው ውስጥ ማስገባት ያሻል። ከተማዋ ከገባ ወዲህ ችግሩ ይቀላል፤ የአዲስ አበባ ደጋ አየር ለክሌይ ማስቀመጫ ምቹ ነው። ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ማራቅ ብቻ ነው። ደረቅና ተሰባሪ በሆነ የፕላስቲክ ሣጥን ግን አይቀመጥም፤ ማለስለሻው ሣጥኑን ይበላዋል። ወረቀት ላይም ቢሆን ዘይቱ ተመጥጦ ሊጡ ይደርቃል።

ለትራንዚተሩ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ያልተጋገረው ሊጥ በዓለም አቀፉ የቀረጥ መጽሐፍ በአንቀጽ 34.07 ከቅርጽ ማውጫ ሊጦች ጋር ይመደባል፤ የልጆች መጫወቻ ሊጥም እዚያው ነው። ያው ሊጥ ተጋግሮ ጉትቻ ሲሆን ወደ 71.17፣ ወደ አርቴፊሻል ጌጣጌጥ ይዛወራል። ጡብና ጉትቻ በአንድ ካርቶን የሚያስመጣ ሰው በኢንቮይሱ ላይ በየራሳቸው መስመር፣ በየራሳቸው ክብደትና ዋጋ ማስጻፍ ይኖርበታል።